ድራማ የሚያይ ሰው ዝም ብሎ አያይም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ነበር። ለኔም ከየአቅጣጫው ተላከልኝ። ከላኩልኝ ሰዎች አንዷ ባለቤቴ ናት፤ ምንም ሳትጽፍ፣ የሚስቅ ፊት ብቻ ለጥፋበት። የጽሑፉ ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው። በአማርኛ የተተረጎሙ የውጭ ድራማዎች፣ በተለይ የቱርኮቹ፣ ሕዝቡን አደንዝዘውታል። ጊዜ ይበላሉ። ባህል ይበርዛሉ። ቀስ ብለው የሚሄዱት ሆን ተብሎ ተመልካቹን ለማፍዘዝ ነው። አማርኛውን ያበላሻሉ። የአገር ውስጡን ድራማ ገድለዋል። በመጨረሻም፣ የሚያያቸው ሥራ ፈት ሴትና የቤት ሠራተኛ ነው ይላሉ ጸሐፊው።

እኔ እንግዲህ ሥራ ፈትም፣ ሴትም አይደለሁም። ግን አያለሁ። እነዚህን ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ የሚያሳየው ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ አንዳንዴ ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ አንዳንዴ ደግሞ ስልኬን የምነካካ መስዬ አይቻለሁ። ስለዚህ ነገሩ ይመለከተኛል። ጸሐፊው በተራ በተራ ስላነሱት እኔም በተራ እሄዳለሁ። አንዳንዱ ላይ ብቆይ፣ አንዳንዱን ብዘለው ይቅርታ ይደረግልኝ።

ከጊዜው ልጀምር፤ ይሄኛው ቀላል ነው። ጸሐፊው በቀን አንድ ሰዓት ድራማ የሚያይ ሰው በዚያ ሰዓት በዓመት ስንት መጽሐፍ ሊያነብ እንደሚችል አስልተዋል። ስሌቱ ልክ ነው። ግን ያ ሰው ሪሞቱን ቢያስቀምጥ መጽሐፍ እንደሚያነሳ ማን ነገራቸው? ደግሞስ የኳሱን ማን ያስላ? በኛ ሰፈር ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት የገባ ወንድ ማታ 4 ሰዓት ነው የሚወጣው። ዳኛው ስለከለከለው ፍፁም ቅጣት ምት ደግሞ ሰኞ ቢሮ ውስጥ እስከ ምሳ ይወራል። እኔም አወራለሁ። «አርሰናል ሕዝቡን አደነዘዘው» የሚል ጽሑፍ ግን እስካሁን ማንም አልላከልኝም። እንቀጥል።

የጸሐፊው ዋና ክስ ባህል ነው። ሰው ያየውን ይቀዳል ይላሉ። ስትከዳ ያየች ትከዳለች፣ አባቱን ሲጋፋ ያየ ይጋፋል። በዚህ ከሄድን እናቴ እስካሁን ሁለት ሰው ማስገደል፣ አንድ ኩባንያ መንጠቅና የሰው ልጅ መደበቅ ነበረባት። ያደረገችው ነገር ቢኖር የቡና ሰዓቷን ወደ ማታ መግፋት ብቻ ነው።

ድራማ በኛ ቤት እንዴት እንደሚታይ ልንገራቸው። ማንም ዝም አይልም። ሳሎኑ ሸንጎ ነው። ከሳሽ አለ፣ ጠበቃ አለ፤ ቡና የምታፈላው ደግሞ ዳኛ ናት፣ ነገሩ ሲካረር «ቆይ ስኒ ላለቃልቅ» ብላ ቀጠሮ ትሰጣለች።

ጸሐፊው በምሳሌነት ያነሱት «ጥቁር ፍቅር»ን ነው፤ እኔም እሱኑ ልያዝ። ላላየ ሰው ባጭሩ እንዲህ ነው። ከማል የፀጉር አስተካካይ ልጅ ነው፣ የማዕድን መሐንዲስ። ኒሃን የሀብታም ልጅ ናት፣ ሠዓሊ። ይዋደዳሉ። የኒሃን መንታ ወንድም ኦዛን ነፍስ አጥፍቷል ይባላል። ኤሚር የሚባል ባለጠጋ ማስረጃውን እጁ ያስገባና «ወይ አግቢኝ፣ ወይ ወንድምሽ ይታሰር» ዓይነት ምርጫ ያቀርብላታል። ታገባዋለች። ምክንያቱን ለከማል አትነግረውም። እሱም ለገንዘብ ብላ የከዳችው ይመስለዋል፣ ጥሎ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ሲመለስ ነው ነገሩ የሚጀምረው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፉን የኤሚ የቴሌቪዥን ሽልማት በቴሌኖቬላ (በተከታታይ የፍቅር ድራማ) ዘርፍ የወሰደው ይሄ ድራማ ነው።

ጸሐፊው ከዚህ ሁሉ ያዩት «ባለትዳር ሴት የድሮ ፍቅረኛዋን ስታስብ» የሚለውን ብቻ ነው። በኛ ቤት የተከራከርነው ግን ሌላ ነገር ነበር። ኒሃን ልክ ናት ወይስ አይደለችም? ባለቤቴ ልክ ናት አለች፤ ወንድም ወንድም ነው። እናቴ ቱግ አለች። «ገድሎ ከሆነ ይታሰራ! የሱን ኃጢአት እሷ ምን በወጣት ትከፍላለች?» እኔ መሀል ሰፋሪ ሆንኩ፤ ቢያንስ ለከማል መንገር ነበረባት አልኩ። ሁለቱም አንድ ላይ ጮኹብኝ።

ከኛ ጋር ቡና የምትጠጣ ጎረቤት አለችን። ቤሩት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የተመለሰች ናት። እስከዚያች ደቂቃ ዝም ብላ ፈንዲሻ ስትለቅም ነበር። «እሷ እንኳ ያገባችው ባለመኪና ነው» አለች። «እኔ ለወንድሜ ብዬ ያገባሁት የሰው ማድቤት ነው።»

እናቴ ስኒውን አስቀመጠች። «ወንድምሽስ?»

«ባጃጅ ገዛ። ሸጠው።»

ጸሐፊው ባህል የሚሉት ነገር ውስጥ ይሉኝታም ያለ ይመስለኛል። እናቴ ያችን ጎረቤታችንን በደህናው ቀን «የላክሽው ገንዘብ የት ደረሰ?» ብላ ልትጠይቃት አትችልም። ነውር ነው። እሷም አታወራም። ኒሃን መሀል ስትገባ ግን ሁለቱም ስለ ኒሃን እያወሩ ነው፤ ማንም ማንንም አልነካም። በሰው ታሪክ አሳብቦ የራስን ማውራት ለኛ አዲስ አይደለም፣ ተረትም ሥራው ይሄ ነበር። ያ ምሽት ባህላችንን የበረዘው የቱ ጋ እንደሆነ ጸሐፊው ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል።

ክፉውንስ ይቀዳሉ ወይ? ኤሚር በመስኮቱ ብቅ ሲል እናቴ የምታወርደውን እርግማን እዚህ አልጽፈውም። ከቱርክ በፊትም እንዲሁ ነበር። በኢቲቪ «ሰው ለሰው» ሲታይ የነበረ ሰው አስናቀን ያስታውሳል። አበበ ባልቻ ያን ክፉ ባለሀብት ሲጫወት ሕዝቡ ጥርሱን ነክሶ ነበር የሚያየው። ያን ሁሉ ጊዜ አስናቀን አይቶ አስናቀ የሆነ ሰው እኔ አላውቅም። «አንተ አስናቀ!» ተብሎ የተሰደበ ግን አውቃለሁ።

ደግሞ ይሄ ክስ የኛ ብቻ መስሏቸው ከሆነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 «ኑር» የተባለው የቱርክ ድራማ በሶርያ ዓረብኛ ተተርጉሞ በዓረቡ ጣቢያ በኤምቢሲ ሲታይ የሳዑዲው ሙፍቲ ማየት ክልክል ነው ብለው ነበር። ጣቢያው እንዳለው የመጨረሻውን ክፍል ወደ 85 ሚሊዮን ሰው አይቶታል። የሚገርመው፣ ያው ድራማ በአገሩ በቱርክ ያን ያህል አልተወራለትም ነበር። በቱርክም ቢሆን ነገሩ ሰላም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኤርዶዋን፣ ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፣ በሱልጣን ሱሌይማን ቤተ መንግሥት ላይ የተሠራውን ድራማ በአደባባይ ነቀፉ። ሱልጣኑ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በፈረስ ጀርባ እንጂ እንደዚያ በሐረም፣ በሴቶቹ መኖሪያ ውስጥ አይደለም ነው ነገሩ። የቱርክ አየር መንገድም ድራማውን ከአውሮፕላኖቹ አወረደው። ይኸውላችሁ፤ ሳዑዲው የቱርክ ባህል መጣብኝ ይላል፣ ቱርኩ ይሄ የኔ ባህል አይደለም ይላል፣ እኛ ደግሞ በሦስተኛ ወገን ገብተናል።

በነገራችን ላይ፣ ከኛ ይልቅ የሚጠነቀቁት ራሳቸው ቱርኮቹ ናቸው። አንድ ማታ የጎረቤት ልጅ «እጁ ላይ ያለው ጉም ምንድነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰውዬው ሲጋራ ይዟል፤ የቱርክ ሕግ ሲጋራ በቴሌቪዥን እንዳይታይ ስለሚከለክል ጣቢያው አደብዝዞታል። የመጠጡም ብርጭቆ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። እኛ ጋ በሠርግ ቪዲዮ ላይ ጠርሙሱ በቅርብ ተነስቶ ሙሽሮቹ ከኋላ ናቸው።

ወደ ማፍዘዙ ልሂድ። ጸሐፊው አንድ ነገር ልክ ብለዋል፤ ይተያያሉ። አሁንም ይተያያሉ። ሙዚቃው ይነሳል፣ ካሜራው ወደ እሷ፣ ካሜራው ወደ እሱ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ ባሕሩ። ቡና ሊፈላ ይደርሳል። እኔም ይሰለቸኛል። ምክንያቱ ግን እሳቸው እንዳሉት የአእምሮ ማደንዘዣ ዘዴ አይደለም፤ የማስታወቂያ ገበያ ነው። በቱርክ አንድ ክፍል በሳምንት አንዴ ነው የሚታየው፣ ርዝመቱ ደግሞ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ነው። ለጣቢያው አንድ ረጅም ድራማ ምሽቱን ሁሉ ይሞላለታል፣ ማስታወቂያም እንደልቡ ይሰካበታል። የድራማው ደራሲዎች በየሳምንቱ የአንድ ሙሉ ፊልም ያህል ገጽ ማስረከብ አለባቸው። ይሄ ከየት ይመጣል? ከመተያየት ይመጣል። ሠራተኞቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ድራማው ያለ ቅጥ ረዘመ ብለው አደባባይ ወጥተዋል፤ እንቅልፍ አጥተው ይሠሩ ስለነበር። ወደ ውጭ ሲሸጥ ይቆራረጥና ወደ 45 ደቂቃ ይወርዳል። እኛ የምናየው ያንን ነው። ስለዚህ አንዳንዴ ክፍሉ በደህና ትዕይንት መሀል ዱብ ብሎ የሚያልቀው መቀሱ እዚያ ጋ ስለደረሰ ነው።

ጉጉት ነው የሚይዛቸው የሚሉትም አለ። «ነገ ምን ይሆናል» በሚል ገመድ ታስረዋል ይላሉ። ያቺ ከቤሩት የተመለሰችው ጎረቤታችን «ጥቁር ፍቅር»ን በዓረብኛ አይታ ጨርሳዋለች። መጨረሻውን ታውቃለች። መጀመሪያ ሰሞን ሁላችንም «እንዳትነግሪን!» እያልን ስንለምናት ነበር። እናቴም ከኛው ጋር ትለምናለች። ማድቤት ሲገቡ ግን ቀስ ብላ ጠይቃት ሁሉንም ሰምታለች፤ ከማል እንደሚሞት፣ እንዴት እንደሚሞት። ይሄን ያወቅነው በኋላ ነው። የመጨረሻው ክፍል ሲታይ ከሁላችንም በላይ ያለቀሰችው እናቴ ናት። ታዲያ የትኛው ገመድ ነው ያሰራት? ሐሙስ ዕለት ስቅለትን የማያውቅ ክርስቲያን የለም፣ ዓርብ ግን ይሰግዳል።

አማርኛውን በተመለከተ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ተዋናዩ አፉን ዘግቶ ድምፁ ይቀጥላል። ወይ ድምፁ አልቆ አፉ ይቀጥላል። ትናንት አባት የነበረው ድምፅ ዛሬ በሌላ ድራማ ፖሊስ ሆኖ ይመጣና «ይሄ እኮ ሰውዬው ነው» ይባላል። ሰው በንዴት ጦፎ እንደ ዜና አንባቢ የሚናገርበት ጊዜም አለ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። በኋላ በኋላ ግን ተሻሽሏል፤ የድምፅ ተዋንያኑ ውስጥ በጣም የምወዳቸው አሉ። ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነስተው «በጽሑፍ ትርጉም ቢታይ ይሻል ነበር» ይላሉ። ለማን? እናቴ ፊደል ትቆጥራለች፣ ዳዊት ትደግማለች። ከሥር እየሮጠ የሚያልፍ ጽሑፍ ግን መነጽሯን አድርጋ እስክታገኘው ሄዷል። ፊደል ያልቆጠሩት ደግሞ አሉ።

እናቴ በልጅነቷ መርካቶ ሲኒማ ቤት ገብታ «ማዘር ኢንዲያ»ን አይታለች። በሂንዲ። አንዲት ቃል አልገባትም። እናትየው በመጨረሻ የገዛ ልጇን ስትተኩስበት አዳራሹ ሁሉ እንዳለቀሰ እስከ ዛሬ ታወራለች። ለምን ተኮሰችበት ብትሏት ግን ለረጅም ዘመን መልሷ አንድ ነበር፤ «የአባቱን መሬት ሸጦ።» ልጁ የአራጣ አበዳሪውን ልጅ ከሠርጓ ጠልፎ እንደነበር የነገርኳት እኔ ነኝ። ትንሽ ቅር አላት። የሷ ምክንያት ይበልጥባታል። እንግዲህ ያኔ ሳይገባት አልቅሳለች፤ አሁን እየገባት ታልቅስ።

የአገር ውስጡን ገድሏል የሚለው ከሁሉም ክስ የሚከብደው ነው፣ ምክንያቱም በውስጡ የሰው እንጀራ አለ። ቃና ሲጀምር የፊልምና የድራማ ባለሙያዎች ቅሬታ አሰምተው ነበር። ቅሬታው ባዶ አልነበረም። አንድ የተሠራ ድራማ ገዝቶ ድምፅ መለወጥና አዲስ ድራማ ከባዶ መሥራት በወጪ አይገናኙም። እዚህ ያለው ፕሮዲዩሰር ስፖንሰር እየለመነ፣ የሰው ሳሎን ተውሶ ሲቀርፅ፣ ያኛው ከቦስፎረስ ዳር ቪላ ይዞ ይመጣል። ውድድሩ ፍትሐዊ አይደለም ቢሉኝ እስማማለሁ።

ነገር ግን ተመልካቹ ከየት መጣ? ጸሐፊው ሁሉም ሰው ኢቲቪ ፊት ቁጭ ብሎ የአገሩን ድራማ ሲያይ ቃና መጥቶ የነጠቀው አስመስለውታል። እንዲያ አልነበረም። ከ2008 ዓ.ም. በፊት ዲሽ ያስገባ ቤት ሁሉ ኤምቢሲ ላይ ነበር። የአሜሪካ ፊልም በዓረብኛ ጽሑፍ፣ የሕንድ ፊልም በዓረብኛ ድምፅ። ምን ተባለ ሲባል «እንጃ፣ ተጣሉ መሰለኝ» ይባል ነበር። ቃና ሰውን የወሰደው ባብዛኛው ከነሱ ላይ ነው። ወደ አማርኛ የመለሰው ነው እንጂ ከአማርኛ ያወጣው አይመስለኝም።

የአገር ውስጡም ቢሆን አልሞተም። ቃና ከመጣ ከዓመታት በኋላ፣ በ2014፣ «እረኛዬ» በአርትስ ቲቪ ሲጀምር በየቤቱ ምን እንደተባለ ጸሐፊው ረስተውት ነው? እዚያው ሸንጎ ላይ፣ ያችው ዳኛ ፊት ቀርቦ ነው የታየው። ጥሩ ሲሠራ ሰው ያያል። ጥሩ ለመሥራት ደግሞ ገንዘብና ጊዜ ያስፈልጋል። ጸሐፊው ቁጣቸውን ወደ ስፖንሰሮቹና ወደ ጣቢያዎቹ ቢያዞሩት እኔም ከጎናቸው ቆሜ እፈርማለሁ። ቡና እየጠጣች ሪሞት የያዘችን እናት መቆጣት ግን ምን ያደርጋል?

የቀረችው «ሥራ ፈት ሴትና የቤት ሠራተኛ» የምትለዋ ናት። ሰፈራችን ያለ የባንክ ጥበቃ ማታ ማታ በስልኩ ያያል፣ የታክሲ ሾፌሮችም «ኤሚር ዛሬ ምን ሠራ?» ይባባላሉ ብዬ ልከራከር ነበር። ተውኩት። ምክንያቱም ይሄን ስል «የሚያዩት እነሱ ብቻ አይደሉም» እያልኩ እነሱን መሸሼ ነው። ይዩ! ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምራ ስትጠርግ፣ ስታጥብ፣ ልጅ ስታደርስ የዋለች ልጅ ማታ አንድ ሰዓት ቁጭ ብላ የሰው ፍቅር ብታይ ማንን ጎዳች? እንዲያውም ቁጭ ካለች። ብዙ ቤት ገብቼ ያየሁት ሌላ ነው። ቤተሰቡ ሶፋ ላይ ነው፣ እሷ የማድቤቱ በር ላይ ቆማ፣ ፎጣ በእጇ፣ ሲጠሯት ለመሄድ ተዘጋጅታ ነው የምታየው። ጸሐፊው ስለ ባህል መጻፍ ከፈለጉ እዚያ በር ላይ ብዙ የሚጻፍ ነገር አለ።

አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ ባልፍ እናቴ አትለቀኝም። ጸሐፊው የድራማውን ብልግና ሲዘረዝሩ የከማል እህት ዘይነብ ከኤሚር ጋር የነበራትን ነገር ከነአካሄዱ፣ በኋላም ኦዛንን ማግባቷን ሳይቀር በደንብ ጽፈውታል። ቅደም ተከተሉ አንድም አልተዛባም። ባለቤቴ ጽሑፉን ጮክ ብላ ስታነብላት እናቴ እዚህ ጋ ስትደርስ አስቆመቻት። «ይሄ ሰውዬ ከኛ በላይ አይቷል» አለች። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ መልስ እንደምጽፍ ስለሰማች፣ «እስቲ ኒሃን ልክ ናት አይደለችም፣ እሱን ጠይቅልኝ» አለችኝ። ይኸው ጠይቄያለሁ።